ካሴቱን ገልብጡት

ስሙኝማ! ጠጋ በሉ፤ ጉሮሮዬ እንደ ድሮው አይደለም።

የጦሳ ጉም ወርዶ የደሴን ፒያሳ በዋጠበት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት የቆመች ባጃጅ እንኳ አትታይም። ከዚያ ጉም ውስጥ አንዲት ልጅ ብቅ አለች፤ ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋለች። ከኋላዋ አንድ መነጽራም ወጣት ይከተላል። ቻርጀር ሊገዙ ነው ስል፣ ልጅቱ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ጋሼ፣ የድሮ ካሴት ሽፋን እርስዎ ዘንድ አለ ብለውን ነው» አለችኝ።

«ማን ነው ያላችሁ?»

«ከሸዋ በር እስከ ሆጤ የጠየቅነው ሰው ሁሉ!»

ሱቄን የማታውቁ ትኖራላችሁና ልንገራችሁ። ዛሬ የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል እንጂ ድሮ ሙዚቃ ቤት ነበረ። ሁለት መቅጃ ቴፕ፣ አንድ የበር ያህል ስፒከር፣ ግድግዳው ሙሉ ካሴት። ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፤ «የማሪቱን አምባሰል አስቀድምልኝ፣ ከዚያ ትዝታ፣ ቦታ ከተረፈ ባቲ» ይለኛል፤ እቀዳለታለሁ። ሽፋኑንም በገዛ እጄ በእስክሪብቶ እጽፍለታለሁ፤ ርዕሱን በቀይ፣ ዝርዝሩን በሰማያዊ። ለምን በቀይ? ያኔ ብትጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። አባቴ በሚደግምበት ዳዊት ላይ የቅዱሳኑ ስም ቀይ ነበር፤ እጄ ከዓይኔ ሰምቶ ይሆናል።

ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁላቸው። አቧራው ሦስታችንንም አስነጠሰን።

«ምን ልታደርጉት ነው?»

«መጽሔት ልንሠራበት። የሙዚቃ መጽሔት፤ የወሎ።»

አጃኢብ! አልኩ በሆዴ። እስቲ አስቡት፤ ያገራችን ዘፈን የሚቃኝባቸው አራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው፤ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ቆላ መውረጃው ላይ፣ አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ። ክራር የያዘ ሁሉ የእኛን ሠፈር ስም እየጠራ ክሩን ያጠብቃል። ስለዚህ ጉዳይ ብቻ የሚያወራ መጽሔት ግን እኔ በደሴ አዟሪ ክንድ ላይ አይቼ አላውቅም።

ልጅቱ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዲዛይነሯ እሷ ናት፤ መነጽራሙ ጸሐፊው ነው። የመጀመሪያው ሽፋን ብቅ አለ፤ አንዲት ዘፋኝ ትኩር ብላ ታየኛለች። የመጽሔቱ ስም ከላይ ተንጣሏል። በግራዋ በኩል አምስት ርዕስ ተደርድሯል። አማረ! ግን አንድ ቦታ ያየሁት መሰለኝ። ደግሞ አየሁት። የትም ያየሁት መሰለኝ።

«ደንቡ ነው ጋሼ» አለችና ዘረዘረችልኝ። ሽፋኑ ላይ አንድ ፊት፤ ዓይኑ አንባቢውን የሚያይ። ስም ከላይ። ውስጡ ሦስት ዓምድ። የጽሑፉ የመጀመሪያ ፊደል ግዙፍ። ከቃለ መጠይቁ የተመረጠች አንዲት አረፍተ ነገር በትልቁ ተጽፋ መሃል ላይ። ግርጌ ላይ የገጽ ቁጥር።

«ደንቡን ያወጣው ማነው?»

መነጽራሙ ቀበል አደረገ። አሜሪካኖቹ ሮሊንግ ስቶን የሚሉትን መጽሔት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1967 ሲጀምሩ የመጀመሪያው ሽፋን ላይ ያወጡት ጆን ሌነንን ነው፤ እሱም ዘፋኝ ሆኖ አይደለም፣ በተወነበት ፊልም የወታደር ቆብ እንዳጠለቀ ነው። ከዚያ ወዲህ የሙዚቃ መጽሔት ሲባል የአንድ ታዋቂ ሰው ፊት ማለት ሆኖ ቀረ። ርዕሶቹ ለምን በግራ ሆኑ? ፈረንጅ አገር መጽሔት መደርደሪያ ላይ አንዱ የአንዱን ግማሽ ሸፍኖ ይቆማል። የሚታየው ላይኛው ጫፍና የግራው ጠርዝ ነው፤ ገዥው በዚያች ጠባብ ጠርዝ እንዲለየው ነው ሁሉም ነገር ወደዚያ የተሰበሰበው።

«ይሁን» አልኩ። «የእናንተስ መጽሔት የት ነው የሚቆመው?»

ተያዩ።

«እኔ ልንገራችሁ። አንድም አዟሪው ክንድ ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይዞራል፤ አንድም መሬት ላይ በላስቲክ ይነጠፍና ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዩ የሚቀመጠው መሃል ላይ ነው። ዘፋኟ አፍንጫ ላይ!»

ልጅቱ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ገታችና ሽፋኑን አተኩራ አየችው። «ከዚያ በፊት ደግሞ» አለች እንደ ራሷ ስታወራ፣ «በቴሌግራም ነው የሚለቀቀው። ስልክ ላይ ሽፋኑ የጥፍር ያህል ነው። አምስቱ ርዕስ ጉንዳን ነው የሚመስለው።»

አያችሁ? ደንብ ሁሉ የሆነ ችግር የወለደው ነው። ወላጁን ሳታውቅ ልጁን ቤትህ ብታሳድር፣ ለምን እንደመጣ አታውቅም፤ መቼ እንደሚሄድም አታውቅም። ልጅቱ ያን ዕለት አምስቱን ርዕስ አጠፋች። ስሙን ግን ከላይ አልነካችውም፤ አዟሪው ክንድ ላይም የሚታየው ላይኛው ጫፍ ነዋ።

ከካርቶኑ ውስጥ ደግሞ የምትሽከረከር ትንሽ ሸክላ ወጣች፤ የአምሐ ሪከርድስ። ልጆቹ አምሐ እሸቴን በስም እንጂ በታሪክ አያውቁትም ነበርና እሷንም ነገርኳቸው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሐ የሙዚቃ ሱቅ የነበረው ወጣት ነው፤ ገበያው ምን እንደሚፈልግ፣ ማኅበሩ ምን እንዳላደረገ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 ያን አዋጅ አልፎ አሳተመ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ሸክላ አወጣ፤ ኋላ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ ኢትዮፒክስ ብሎ ለዓለም ካሰማው ዜማ ብዙው የእሱ ነው። «ልብ በሉ» አልኳቸው፣ «አዋጁን የጣሰው ሱቁ ውስጥ ሲውል ገበያውን ያጠና ሰው ነው።»

ሳምንት ሳይሞላ ተመለሱ። መነጽራሙ ፊቱ ጠቁሯል።

«ምነው?»

«አማርኛው እምቢ አለን ጋሼ።»

የመጽሔቱን ውስጥ አሳየኝ። ሦስቱ ጠባብ ዓምዶች ግራና ቀኛቸው እንደ ግንብ ተስተካክለው ቆመዋል፤ ውስጣቸው ግን በባዶ ቦታ ተቦዳድሷል። አንዱ መስመር ላይ ሁለት ቃል ብቻ፣ መሃላቸው እንደ ቦርከና ወንዝ ሰፊ። ነገሩ ወዲህ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል አጭር አጭር ስለሆነ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ይገባል፤ ካልገባም በሰረዝ ይቆረጣል። የእኛ ቃል ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አፍራሹን ሁሉ አዝሎ ነው የሚሄደው፤ «ስላላስታወሱላቸውም» ያልክ እንደሆነ መስመሩን ብቻውን ይበላዋል። ኮምፒውተሩም የቀረውን ቦታ በባዶ ይሞላዋል።

በዚህ ላይ ሀ ትልቅ ሀና ትንሽ ሀ የለውም። እንግሊዝኛው ርዕሱን በትልልቅ ፊደል ይለያል፤ የአልበም ስም ሲጠራ ፊደሉን ያጋድላል። ልጅቱ አማርኛውን አጋድላ ሞክራዋለች፤ ከጠላ ቤት የወጣ ይመስላል። «የሌላ ሰው ልብስ ነው የለበስነው» አለች። «እጅጌው አጠረ፣ ወገቡ ሰፋ።»

መነጽራሙ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ታሪክ ሲያገላብጥ ከርሟል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ የምታገኙት ገዳም ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት፣ በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ወንጌል አለ፤ የራሳቸው የኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለበት። ልጁ ስልኩ ላይ ያገኘውን ፎቶ አሳየንና፣ «ፊት ማውጣቱንስ እኛም ከጥንት እናውቅበታለን» አለ።

ከዚያ የብራና መጻሕፍትን ገጽ እያመላከተ አስቆጠረን። ትልቅ ፊደል የለንም፤ ቀይ ቀለም ግን አለን። ርዕሱም መነሻውም የከበረው ስምም በቀይ ነው የሚለየው። ምዕራፍ ሲከፈት ከላይ ሐረግ ይሳላል፤ እንደ ተጎነጎነ ሹሩባ የሚሽከረከረው ጌጥ። ዓምዱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነው፤ መስመሩ እየተነፈሰ ሰፋ ብሎ ይሄዳል። ቃል መስመር ጫፍ ላይ ቢደርስስ? ጸሐፊው ያለ አንዳች ሰረዝ የትም ፊደል ላይ ቆርጦ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። እንዴት አልተምታታም?

«ሁለት ነጥብ!» አለች ልጅቱ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ።

አዎ፤ ሁለት ነጥብ። ቃልና ቃልን የምትለየው ፡ ካለች፣ መስመሩ የትም ቢቆረጥ ቃሉ የት እንዳበቃ ታውቃለህ። ሁለት ነጥቧን ጥለን በባዶ ቦታ ስንተካት፣ የመቁረጥ ነፃነታችንንም አብረን ጣልነው። ጠባቡ ዓምድ ላይ ያ ሁሉ ጉድጓድ የመጣው ለዚህ ነው።

ታዲያ ልጆቹ መጽሔቱን ሙሉ በሁለት ነጥብ ሊሞሉት ተነሡ። እኔ ነኝ የያዝኳቸው። «አብሽሩ!» አልኳቸው፤ «የዛሬ ሰው ዓይን በባዶው ቦታ ለምዷል። እናቴ በሠራችው ድስት ካልሆነ አልበላም ብትሉ ጦማችሁን ታድራላችሁ።» ተከራከርን። መጨረሻ ላይ ሦስቱ ዓምድ ሁለት ሆነ፤ የቀኙ ጠርዝ እንደ ጋቢ ዘርፍ ከፍ ዝቅ እንዲል ተለቀቀ፤ ጉድጓዱም ጠፋ። ሁለት ነጥብ ለአንድ ቦታ ብቻ ተቀመጠች፤ ለዘፈን ግጥም። እዚያ ላይ ቃል በቃል ቆም እያሉ እንዲያነቡት፣ እንደ ምት ሆና።

የግጥሙ ገጽ ሌላም ነገር አመጣ። ዜማውን በወረቀት እንዴት ያሳዩት? የፈረንጁን አምስት መስመር ኖታ የሚያነብ ስንት አንባቢ አለ? መነጽራሙ የድጓውን ገጽ አወጣ። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ምልክት አለ፤ ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉ ምልክቶችም አሉ። የቅዱስ ያሬድን ዜማ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዚህ ምልክት እንዳደራጁት ይነገራል። ልጆቹ ያን ምልክት ለዘፈን አልወሰዱትም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው። ዘዴውን ግን ተማሩ። ከግጥሙ በላይ ደቃቅ ፊደል ሰቀሉ፤ ድምፅ የት እንደሚሳብ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ጭብጨባው የት እንደሚገባ።

ይህን ሲሠሩ እንዴት ያለ ደስታ ነበር መሰላችሁ! ደስታ ግን ያሰክራል።

በሦስተኛው ሳምንት ልጅቱ ብቻዋን መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። አዲሱን ሥራዋን አትማ ይዛዋለች፤ ተቀበልኩና ገለጥኩ። ርዕሱ ገጹን አቋርጦ ይወድቃል። ፊደል በፊደል ላይ ተነባብሯል። የአንዱ ጽሑፍ ጭራ የሌላው ጽሑፍ ወገብ ላይ ተጠምጥሟል። ከደነቀኝ ገጽ ተነሥቼ ሁለት ገጽ ወደፊት ሄድኩ፤ ያየሁትን ለሚስቴ ላሳያት ብመለስ አጣሁት። ቁጥር ፈለግኩ። ቁጥር የለም።

«የገጽ ቁጥሩስ?»

«አወጣሁት። ጋሼ፣ ዘፈን ቁጥር አለው እንዴ?»

«ዘፈኑ የለውም። ካሴት ማጫወቻው ግን ነበረው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከካሴቱ ሥር የምትዞር ሦስት አኃዝ ያላት ቆጣሪ ነበረች። ደንበኛ «ያቺን ዘፈን» ሲለኝ 147 ላይ አድርሼ አቆምለታለሁ። ቆጣሪ የሌለው ቴፕ ላይ አንዲት ዘፈን ፍለጋ ስታጠነጥን ታመሻለህ።

ከዚያ ሆዴ ውስጥ የኖረውን አወጣሁላት። አንድ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ የካሴት ሽፋን ላሳምር ብዬ ፊደሉን እንደ ሐረግ አጠላለፍኩት፤ እኔ ራሴ ሳደንቀው ዋልኩ። ማታ ላይ ግን ሁለት ካሴት ተምታታብኝ። ለሠርግ የተቀዳውን ለለቀስተኛ ቤት ሰጠሁ፤ የለቅሶውን ሠርግ ቤት። የጻፍኩትን እኔም ማንበብ አቅቶኝ ነው! በማግሥቱ ሁለቱም ወገን ሱቄ በር ላይ ተገናኙ። ሙሽራው ስቆ ይቅር አለኝ። ሐዘንተኛዋ ግን፣ ነፍሷን ይማር፣ ዓመት ሙሉ በሱቄ በር አላለፈችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚጌጠውን አስጌጣለሁ፤ ስሙን ግን በደንብ እጽፋለሁ።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ኋላ መነጽራሙ መጣና የአንድ ሰው ታሪክ ጨመረበት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1992 ሬይ ገን የሚባል የሙዚቃ መጽሔት ተነሣ። የጥበብ ኃላፊው ዴቪድ ካርሰን የገጹን ሕግ አንድ ሳያስቀር የሚንድ ሰው ነው። በ1994 ከዘፋኙ ብራያን ፌሪ ጋር የተደረገ ቃለ መጠይቅ ደረሰው፤ አነበበው፤ ሰለቸው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጽሑፉን በሙሉ ፊደል በሌለበት፣ የኮከብና የቀስት ምስል ብቻ ባለበት ቅርጸት አተመው! አንድም ሰው አንድም ቃል ማንበብ አይችልም። ዓለም እስከ ዛሬ ያወራዋል።

«ይኸው!» አለች ልጅቱ ነፍሷ መለስ ብላ።

«ቆይ» አላት። «የሚነበበውን ቅጂ መጽሔቱ መጨረሻ ላይ አትሞታል።»

ሳቅኩ። ያ የፈረንጅ እብድ በሩን ቢዘጋም መስኮቱን ከፍቶ ነበራ። ልጅቱ ቁጥሩን መለሰችው፤ ያውም ትልቅ አድርጋ፣ በግዕዝ አኃዝ፣ በቀይ።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ ልውሰዳችሁ።

መጽሔቱ የወሎ ከሆነ መንዙማ የሌለበት ወሎ አለ እንዴ? መነጽራሙ ኮምቦልቻ አካባቢ ያሉ አንድ የመንዙማ አዋቂ ሽማግሌ ያውቃል። በሚኒባስ ተሳፍረን በሐረጎ ወረድን። ሐረጎን የወረደ ያውቀዋል፤ መንገዱ እየተጠመጠመ፣ እየተመለሰ፣ እንደገና እየተጠመጠመ ይወርዳል። ልጅቱ በመስኮት እያየች፣ «ሐረግ ነው ጋሼ፤ የብራናው ሐረግ» አለችኝ። እኔ ስንት ዓመት ስመላለስበት ስሙ እንጂ መልኩ ታይቶኝ አያውቅም። 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ ደሴ የለበስከውን ጋቢ ኮምቦልቻ ላይ ትከሻህ ላይ ጥለኸው ያልብሃል።

ከመናኸሪያው ወዲህ አንድ የታፔላ ጸሐፊ ወዳጅ አለኝ። ወደ ባቲና ሚሌ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ላይ ይጽፋል። ልጅቱ የሥራዋን ናሙና አሳየችው። ራቅ አደረገው፤ አሁንም ራቅ። ከዚያ፣ «ቀለሙን አትዪ፤ በፊደልና በፊደል መሃል ያለውን ቀዳዳ እዪ» አላት። «መኪናው ሲሮጥ የሚዋጠው እሱ ነው። እኔ ለቆመ ሰው ጽፌ አላውቅም።» ልጅቱ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ትምህርት ቤት አንድ ሰሚስተር ያስተማሯት ነገር እንደሆነ ቆይታ ነገረችኝ።

ከዚያ ሽማግሌው ዘንድ ደረስን። ቡና ተፈላ፤ ተመረቅን። ሽማግሌው በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ መጽሐፍ አወጡ። በዐረብ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ሲያነቡት ግን ጥርት ያለ የወሎ አማርኛ! ዐጀም ይሉታል። ወሎ ውስጥ እንደ ሸህ ጦልሃ ያሉ ዓሊሞች በ19ኛው መቶ ዓመት መንዙማቸውን የጻፉበት መንገድ ነው፤ ዐረብኛ የሌለውን የአማርኛ ድምፅ ነጥብ እየጨመሩ ይጽፉታል። መጽሐፉ የሚከፈተው በቀኝ በኩል ነው። ልጅቱ በግራ ልትከፍተው ስትል ሽማግሌው ፈገግ ብለው እጇን አዞሩት፤ «በዚህ ነው በሩ፣ የኔ እናት» አሏት።

ሽፋኗን አሳየቻቸው። ለመንዙማው እትም የታዋቂ አዋቂ ፊት ልታደርግ አስባ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። «መንዙማ የሚባለው ለተወዳሹ ነው ልጄ፤ የአወዳሹን ፊት ምን አመጣው?»

ትልቁ ጥያቄ ገና ነበር። መነጽራሙ እየፈራ፣ «ከዘፈኑ ጋር አንድ መጽሔት ላይ ቢሆንስ?» አለ። ሽማግሌው ቡናቸውን ፉት አሉ። ቆዩ። «እኛና ክርስቲያኑ ስንት ዘመን ጎረቤት ነን። እሱ ሲያገባ እኔ እሄዳለሁ፤ እኔ ሲሞትብኝ እሱ ያለቅሳል። በራችን ግን ለየብቻ ነው። መንዙማን በዘፈን በር አታስገቡብኝ።»

ሐረጎን ስንወጣ ማንም አልተናገረም። ቁጥር ሁለት እትም አድርጎ ለብቻ ማውጣት? ለአንዱ እትም እንኳ የወረቀቱ ዋጋ አናታቸው ላይ ወጥቷል። አንድ ዓምድ ብቻ መስጠት? እሱ ደግሞ እንግዳን ጓዳ አስቀምጦ ማብላት ነው።

ሱቅ ስንደርስ መብራት የለም። በጨለማ ተቀምጠን እጄ ሥራ ፈቶ ከካርቶኑ አንድ ካሴት አነሣ። ልማዴ ነው፤ አገላብጠዋለሁ። አንድ ጊዜ ሀ፤ ገልበጥ፤ ለ። እኔ ካሴት ላይ ገጾቹን ሀ እና ለ ብዬ ነበር የምጽፋቸው። ገልበጥ፤ ሀ። ልጅቱ በስልኳ መብራት እጄን ስታይ ቆየችና፣

«ጋሼ፣ ደግመው ይገልብጡት» አለችኝ።

ገለበጥኩት።

«ሁለቱም ፊት ነው» አለች። «ጀርባ የለውም!»

እንዲህ ሆነ። መጽሔቱን በግራ ብትከፍቱት ዘፈኑ ይጀምራል፤ ሽፋኑ ላይ የዘፋኝ ፊት አለ፣ ዓይኑ እናንተን ሳይሆን ክራሩን ያያል። በቀኝ ብትከፍቱት መንዙማው ይጀምራል፤ ሽፋኑ ላይ ፊት የለም፣ ዐጀሙ ብቻ አለ፣ በአንድ ቀለም፣ በሰፊ ባዶ ቦታ መሃል። አማርኛው ከግራ ይመጣል፤ ዐጀሙ ከቀኝ ይመጣል፤ የፊደሉን ግልባጭ ከሥሩ አስከትሎ። የማንም በር በማንም በር አልገባም። መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ ሽቦው ያለበት ቦታ። በሽቦ በሚጠረዝ መጽሔት ደግሞ መሃሉ ላይ ያሉት ሁለት ገጾች አንድ ሙሉ ወረቀት ናቸው፤ ሥዕል ሳይቆረጥ የሚዘረጋበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ምን ይሁን? ብዙ አልተከራከሩም። ጭብጨባ። የሁለት መዳፍ ፎቶ፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። መንዙማውም ይጨበጨብለታል፣ ዘፈኑም።

ሽማግሌው ናሙናው ሲደርሳቸው በቀኝ ከፍተው መሃሉ ድረስ አገላበጡ፤ መዳፎቹ ላይ ቆሙ። ወደ ግራው አልተሻገሩም። «በሩ ደግ ነው» ብለው መለሱት።

ይህ ትረካ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

ማስታወቂያ ሊያስገባ ቃል የገባ አንድ ነጋዴ ነበር። የኋላ ሽፋኑን ነበር የፈለገው፤ በመጽሔት ሁሉ ላይ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፈልበት ቦታ እሱ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ በግልባጩ ቢወድቅ የሚታየው እሱ ነዋ። ልጆቹ ናሙናውን ይዘው ሄዱ። ነጋዴው ገለበጠው። ሽፋን። መልሶ ገለበጠው። ሽፋን።

«የእኔ ቦታ የታለ?»

መልስ የላቸውም። ልማድ ስትጥስ ሒሳቡ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ማታ፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ደረሰኝ ይዞ። ሱቄ መጥተው ቁጭ አሉ። መነጽራሙ ደብተሩ ላይ እየደመረ እየቀነሰ ነው፤ ወረቀት፣ ፕሌት፣ ቀለም። ልጅቱ ድንገት ቀና ብላ፣ «አንዱን ፊት ሸጠን እንገላገል?» አለች። የትኛውን እንደምትሸጥ ግን አልተናገረችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። «ሁለት የፊት ሽፋን ካለ፣ ከሽፋን ጀርባ ያለው የመጀመሪያ የውስጥ ገጽስ ስንት ይሆናል?» አልኳቸው።

«ሁለት» አለ መነጽራሙ፤ እስክሪብቶው ቆመ።

«የውስጥ ፊት ከኋላ ሽፋን ቀጥሎ ውድ ቦታ ነው አላላችሁኝም? ሰውየው አንዱን ይግዛ። ሁለተኛውን በምርቃት ስጡት። ዘፈን የሚወደውም መንዙማ የሚወደውም በር ላይ ያገኘዋል።»

ድሮም እንዲህ ነበር የማደርገው። ደንበኛው ያዘዘው ዘፈን ሀ ላይ አልቆ ለ ላይ ባዶ ሲተርፍ፣ ባዶውን አልሰጥም ነበር። እኔ የወደድኩትን እቀዳበትና መጨረሻው ላይ በቀይ «ምርቃት» ብዬ እጽፋለሁ። ሰዉ ካሴቱን ሲመልስ ብዙ ጊዜ የሚያነሣልኝ ያችኑ ነበር።

ነጋዴው አሁን እያሰበበት ነው። የመጽሔቱም ስም እስካሁን ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ናሙናው ግን ባንኮኒዬ ላይ አለ፤ ከቻርጀሮቹ አጠገብ። ትናንት አንድ ወጣት ቻርጀር ሊገዛ ገብቶ አነሣው፤ በቀኝ ከፈተ፤ ዐጀሙን ሲያይ ደነገጠና፣ «አባባ፣ ዘቅዝቄው ነው እንዴ?» አለኝ።

«አልዘቀዘቅከውም» አልኩት። «ለ ላይ ነህ።»